ፕሮባብሊቲ ላይ መቼ ነው የምደምረው? መቼ ነው የማባዛው? (መልሴ ከ1 በለጠ!)

ግራ_የገባው · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ለሁላችሁ። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ፕሮባብሊቲ ላይ ተጣብቄ ቀርቻለሁ። አስጠኚዬ አንድ አቋራጭ ሰጥቶኝ ነበር፦ “ወይም” ካለ ደምር፣ “እና” ካለ አባዛ። ደስ ብሎኝ ይዤው ነበር። ከዚያ ዓርብ ዕለት ፈተና ላይ ይቺ መጣች።

ከ40 ተማሪዎች 24ቱ ቡና ይጠጣሉ። 18ቱ ሻይ ይጠጣሉ። 10ሩ ሁለቱንም ይጠጣሉ። አንድ ተማሪ በዕጣ ቢመረጥ ቡና ወይም ሻይ የሚጠጣ የመሆን ዕድሉ ስንት ነው?

“ወይም” ስላለ ደመርኩ። 24/40 ሲደመር 18/40። 42/40 ወጣ። ሰዓት ስላለቀ እንዳለ ሰጠሁት። ወረቀቱ ሲመለስ መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ “ሁለቱን ተማሪዎች ከየት አመጣሃቸው?” ብለው ጽፈውበታል። ጎረቤቴ አየና ለክፍሉ አወራ። አሁን ስሜ “42” ሆኗል።

ሁለተኛው ደግሞ ይባስ ነው። አራት ምርጫ ያላቸው 10 ጥያቄዎችን አንድም ሳላነብ በግምት ባጠቁር፣ ቢያንስ አንዱን የማግኘት ዕድሌ ስንት ነው? 10 ሲባዛ በ1/4 ብዬ 2.5 አመጣሁ። እሱን እንኳ ለማንም አላሳየሁም። የት ነው የምሳሳተው?


የሰፈር_ልጅ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡18

2.5 ማለት እኮ 250 ፐርሰንት እርግጠኛ ነህ ማለት ነው። እንዳንተ በራሱ የሚተማመን ተማሪ አላየሁም ሃሃሃ። ይቅርታ ወንድሜ፣ መልሱን እኔም አላውቀውም። ለማንበብ ተቀምጫለሁ።


ጋሽ_ጠመኔ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡55

ልጄ፣ አይዞህ። ሰሌዳ ፊት ብዙ ዓመት ቆሜያለሁ፤ 42/40 በየዓመቱ ይመጣል። ቁጥሩ ይለዋወጣል እንጂ ስህተቱ ያው ነው። ደግሞ አንተ ዕድለኛ ነህ። ቁጥሮቹ አነስ ብለው 34/40 ቢወጣልህ ኖሮ መሳሳትህን ሳታውቀው ታልፍ ነበር። ከ1 የበለጠ ፕሮባብሊቲ የለም፤ ከዜሮ ያነሰም የለም። ይህን የሚያህል ነጻ ማስጠንቀቂያ በሌላ የሒሳብ ምዕራፍ አታገኝም።

አሁን ፎርሙላውን ተወውና ሰዎቹን አስባቸው። መምህሩ ክፍል ገብተው “ቡና የሚጠጣ እጁን ያውጣ” አሉ። 24 እጅ ወጣ፤ ስም ጻፉ። “ሻይ የሚጠጣስ?” አሉ። 18 እጅ ወጣ፤ እሱንም ጻፉ። ወረቀቱ ላይ 42 ስም አለ። ተማሪው ግን 42 አይደለም። 10ሩ ሁለት ቦታ ተጽፈዋል። አንዱን ሰርዝላቸው። 32 ይቀራል። መልሱ 32/40፣ ማለትም 0.8 ነው።

ፎርሙላው ይህንኑ ነው የሚለው (“ፒ” ማለት የመሆን ዕድል ነው)፦

ፒ(ሀ ወይም ለ) = ፒ(ሀ) + ፒ(ለ) − ፒ(ሀ እና ለ)

የምትቀንሰው ሁለቴ የቆጠርካቸውን ነው። ሁለቱ ነገሮች ጨርሶ አብረው የማይሆኑ ከሆነ የምትቀንሰው ዜሮ ይሆናል። ያኔ ብቻ ዝም ብለህ ትደምራለህ። ለምሳሌ የሉዶ ዳይስ ጥለህ 2 ወይም 5 የማግኘት ዕድልህ 1/6 + 1/6 ነው። አንድ ዳይስ በአንድ ውርወራ 2ም 5ም አይሆንም።

የራሳችን ቋንቋ እዚህ ላይ በጣም ይረዳል። እንግድነት ሄደህ “ቡና ወይስ ሻይ?” ስትባል አንዱን ምረጥ ማለታቸው ነው። “ሁለቱንም” ብትል ይስቁብሃል (እኔ ብያለሁ)። “ቡና ወይም ሻይ የሚጠጣ እዚህ ይቀመጥ” ቢሉ ግን ሁለቱንም የሚጠጣው ተነስቶ አይሄድም። እሱም ይቀመጣል። የሒሳቡ “ወይም” ይሄኛው ነው፤ “ወይስ” አይደለም። ሁለተኛ ደረጃ ላይ ሒሳብ በእንግሊዝኛ ይሆናል። በዚያ ቋንቋ ደግሞ ለሁለቱም አንዲት ቃል ብቻ ናት ያለችው። ስለዚህ ልጆቻችን በአማርኛ የሚያውቁት ልዩነት እዚያ ሲደርስ ይጠፋባቸዋል። ጥያቄውን በልብህ ወደ አማርኛ መልሰውና “ወይም” ነው ወይስ “ወይስ” ነው በለው።

ሁለተኛውን ለሌሎች ልተወው። እራት ቀርቧል።


ግራ_የገባው · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡04

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስም መሰረዙ ገብቶኛል። እንግዲህ ሁለቱንም የማይጠጡት 8 ናቸው ማለት ነው? 40 ሲቀነስ 32?


ቁጥር_ወዳዷ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡20

አዎ 8 ናቸው። ያቺን መቀነስህን አትጣላት፣ ለሁለተኛው ጥያቄህ ቁልፉ እሷ ናት።

ስታቲስቲክስ ሁለተኛ ዲግሪ እየተማርኩ ነው፤ 2.5ህን ሳይ ፈገግ ያልኩት በንቀት አይደለም። ይህ ስህተት ታሪክ ያለው ስህተት ነው። ሸቫሊዬ ደ ሜሬ የሚባል ፈረንሳዊ ቁማር የሚወድ ሰው ነበር። በዚያን ዘመን አንድ ዳይስ 4 ጊዜ ጥሎ “ቢያንስ አንድ 6 ይመጣል” ብሎ መወራረድ የሚያዋጣ ነበር። ቀጥሎ ሁለት ዳይስ አብሮ 24 ጊዜ መጣል መጣ፤ “ቢያንስ አንዴ ሁለቱም 6 ይሆናሉ” ብሎ መወራረድ። የቁማርተኞቹ ስሌት ያንተው ነበር። 4 ሲባዛ በ1/6፣ 4/6 ነው። 24 ሲባዛ በ1/36፣ 24/36 ነው። ሁለቱም እኩል 2/3። ታዲያ ምን ለየው?

እኩል ግን አይደሉም። ነገሩ ብሌዝ ፓስካል የሚባል የሒሳብ ሊቅ ጋ ደረሰ። ፓስካልና ሌላው የሒሳብ ሊቅ ፒየር ደ ፌርማ እ.ኤ.አ. በ1654 በእንደዚህ ዓይነት ጥያቄዎች ላይ ደብዳቤ ተጻጻፉ። የዛሬው ፕሮባብሊቲ የሚጀመረው ከእነዚያ ደብዳቤዎች ነው ይባላል።

መንገዱ ይሄ ነው። “ቢያንስ አንድ” የሚለውን በቀጥታ አትቁጠረው። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ እያልክ ትዳክራለህ፤ የተደራረበውንም ስትቀንስ ታድራለህ። ተቃራኒውን ቁጠር። “ቢያንስ አንድ 6” የሚለው ተቃራኒው “አንድም 6 የለም” ነው። አንድ ውርወራ 6 ያለመሆን ዕድሉ 5/6 ነው። አራቱም 6 እንዳይሆኑ 5/6ን ከራሱ ጋር አራት ጊዜ አባዛ፦ 625/1296። ከ1 ቀንስ፦ 671/1296። በግምት 0.518። ከግማሽ ትንሽ ይበልጣል፤ ያዋጣል።

ለሁለቱ ዳይስ ደግሞ 35/36ን 24 ጊዜ አባዝተህ ከ1 ትቀንሳለህ። 0.491 ይወጣል። ከግማሽ ያነሰ። ያከስራል። 2/3 የመሰላቸው ሁለት ነገሮች፣ አንዱ ከመስመሩ በላይ ሌላው በታች ሆኑ።

ያንተ ጥያቄ ከዚህ በምንም አይለይም። አንዱን ጥያቄ የመሳት ዕድልህ 3/4 ነው። አስሩንም የመሳት ዕድልህ 3/4 አስር ጊዜ በራሱ ተባዝቶ ነው፣ ወደ 0.056። ከ1 ስትቀንሰው 0.944። ከ2.5 ይልቅ ለሰው የሚታይ መልስ ነው።


የሰፈር_ልጅ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡31

ቆይ ቆይ። ሳላነብ ገብቼ 94 ፐርሰንት አገኛለሁ ማለት ነው?


ቁጥር_ወዳዷ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡33

አንዱን! ከአስሩ ቢያንስ አንዱን። አስሩንም በግምት የማግኘት ዕድልህ ከ1,048,576 አንድ ነው። ሂድ አንብብ።


ጳጉሜን_5 · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡47

ስሜን አይታችሁ ትገምታላችሁ፣ የጳጉሜን ልጅ ነኝ። የዚህ ምዕራፍ ስህተት እኔንም አዋርዶኛልና ላካፍላችሁ። ትምህርት ቤት የሒሳብ ክበብ ውስጥ ሳለሁ አንድ ጥያቄ ቀረበ፦ አንድ ሰው ጳጉሜን ውስጥ የተወለደ የመሆን ዕድሉ ስንት ነው? እኔ ከሁሉም ቀድሜ እጄን አወጣሁ። “ወራቱ 13 ናቸው፣ ስለዚህ 1/13” አልኩ። እንኳን ሌላ፣ እናቴ ብትሰማ ትስቅብኛለች። በየዓመቱ ልደቴ ስንት ቀን እንደሚጠበቅ የምታውቅ እሷ ናት።

ወሮቹ እኩል አይደሉማ። 12ቱ 30 ቀን ናቸው። ጳጉሜን 5 ናት፤ በአራት ዓመት አንዴ 6። አራት ዓመት 1461 ቀን ነው። ከዚያ ውስጥ የጳጉሜን ድርሻ 5+5+5+6፣ 21 ቀን። 21/1461 ወደ 1.4 ፐርሰንት ነው። እኔ ያልኩት 1/13 ደግሞ 7.7 ፐርሰንት አካባቢ ነው። ከአምስት እጥፍ በላይ አጋንኜዋለሁ። (ልደት በየቀኑ እኩል ይዳረሳል ብለን ነው፤ በእውነቱ እንደዚያ ላይሆን ይችላል።)

ስለዚህ ግራ_የገባው፣ ከመደመርና ከማባዛት በፊት አንድ ጥያቄ አለ። ታህት ላይ የጻፍኳቸው ነገሮች እኩል ክብደት አላቸው ወይ? ውጤቶቹን መቁጠር የሚጠቅመው እኩል ሲሆኑ ብቻ ነው።


የሰፈር_ልጅ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡52

ለዚህ ነው እንዴ አጎቴ “ሎተሪ ወይ ይደርሰኛል ወይ አይደርሰኝም፣ ሃምሳ ሃምሳ ነው” የሚለው?


ጋሽ_ጠመኔ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡15

አጎትህ ብቻውን አይደለም፤ ትልቅ ባልደረባ አለው። ዣን ለ ሮን ዳላምቤር የሚባል ስመ ጥር ፈረንሳዊ የሒሳብ ሊቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1754 በታላቁ የፈረንሳይ ኢንሳይክሎፔዲያ ላይ ስለ ሳንቲም ጽፏል። በእኛ አነጋገር ዘውድና ጎፈር ልበለው። ሁለት ጊዜ ሲጣል ቢያንስ አንዴ ዘውድ የመምጣት ዕድሉ ስንት ነው? ዳላምቤር እንዲህ ቆጠረ። መጀመሪያ ዘውድ ከመጣ ጨዋታው አበቃ፤ አንድ። ጎፈር ቀድሞ ዘውድ ከተከተለ፤ ሁለት። ሁለቱም ጎፈር ከሆኑ፤ ሦስት። ከሦስቱ ሁለቱ ያሸንፋሉና 2/3 አለ።

ትክክሉ 3/4 ነው። የመጀመሪያዋ “ዘውድ” ብቻዋን ግማሹን ትይዛለች። ሌሎቹ ሁለቱ ሩብ ሩብ ናቸው። ሦስት መስመር ስለጻፍክ ብቻ ሦስቱ እኩል አይሆኑም። ጳጉሜንም አጎትህም ዳላምቤርም የወደቁት አንድ ጉድጓድ ውስጥ ነው።

ለተማሪዎቼ የምነግራቸው፦ ሁለት ሳንቲም ስትጥሉ አንዱን ቀለም ቀቡት። ዘውድ-ጎፈርና ጎፈር-ዘውድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ያኔ ይታያችኋል። ሳንቲሙ ቀለም መቀባት አለመቀባቱን አያውቅምና ዕድሉ አይለወጥም።


የዕቁብ_ጸሐፊ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡40

እንደምን አደራችሁ። እኔ ተማሪ አይደለሁም፤ ሱቅ ነው ያለኝ። ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ክሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። 12 ሰዎች የምንጣልበት ወርኃዊ ዕቁብ አለን። እኔ ጸሐፊ ነኝ። የሁሉንም ዕጣ መጀመሪያ ቀን አንድ ላይ ነው የምናወጣው። 12 የተጠቀለለ ወረቀት፣ ከ1 እስከ 12 ቁጥር። እያንዳንዱ በተራ አንድ ያነሳል። አንደኛ ወር የሚደርሰው ቁጥር 1ን ያነሳው ነው።

በየዙሩ ጭቅጭቅ አለ። ሁሉም ቀድሞ ማንሳት ይፈልጋል። አንድ አባላችን “መጨረሻ የሚያነሳ ሰው የተረፈውን ነው የሚያገኘው፣ 1 ቁጥርማ ቀድመው ይወስዱታል” ብሎ ባለፈው ዙር ሊወጣብን ነበር። ሰውዬው እውነቱን ነው?


ቁጥር_ወዳዷ · ረቡዕ፣ ከረፋዱ 3፡05

እንኳን መጡ፤ የማባዛትን ሕግ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አልነበረም።

አይደለም፤ ተራው ለውጥ የለውም። እንየው። የመጀመሪያው አንሺ 1 ቁጥርን የማግኘት ዕድሉ 1/12 ነው። ሁለተኛው እንዲያገኛት ሁለት ነገር ሊሆን ይገባል። የመጀመሪያው ስቷት ማለፍ አለበት፦ 11/12። ከዚያ ሁለተኛው ከቀሩት 11 ወረቀቶች እሷን ማንሳት አለበት፦ 1/11። እነዚህን አባዛ። 11/12 × 1/11። 11ና 11 ይጣፋሉ፤ 1/12 ይቀራል።

ሦስተኛው? 11/12 × 10/11 × 1/10። አሁንም 1/12። አስራ ሁለተኛው ጋ ድረስ እንደዚሁ ይጣፋል። አባልዎ እውነቱን ግማሽ ነው የያዘው። ቀድመው ሊወስዱበት ይችላሉ፣ አዎ። ግን ማንም ካልወሰደ ወረቀቶቹ ስለሚያንሱ ዕድሉ ያድጋል። ሁለቱ ልክ በልክ ይካካሳሉ።

ግራ_የገባው፣ አየህ? ሁለተኛው ቁጥር ከ1/12 ወደ 1/11 ተቀየረ። ለምን? የመጀመሪያው ወረቀት ወደ ሣጥኑ አልተመለሰም። የማባዛት ሕጉ ሙሉ መልኩ እንዲህ ነው፦

ፒ(ሀ እና ለ) = ፒ(ሀ) × ፒ(ሀ ሆኗል ከተባለ በኋላ ለ)

አስጠኚህ ሁለተኛዋን ግማሽ ነው የቆረጠብህ። “ሀ ሆኗል ከተባለ በኋላ” የምትለዋን።


የዕቁብ_ጸሐፊ · ረቡዕ፣ ከረፋዱ 3፡22

ተባረኪ ልጄ። ግን ይሄ ሰውዬ 8 ሰዎች አንስተው 1 ቁጥር ገና ሳይወጣ ቢቆይ ምን ሊል ነው? ያኔማ ደስ ብሎት ነው የሚጠብቀው።


ቁጥር_ወዳዷ · ረቡዕ፣ ከረፋዱ 3፡30

ትክክል ነው፣ ያኔ ዕድሉ 1/4 ነው። አራት ወረቀት ቀርቷላ። ገና ሳይጀመር ቤቱ ሆኖ ሲያስበው 1/12፤ ስምንቱ ሲያልፉ አይቶ ሲያስበው 1/4። ሁለቱም ልክ ናቸው። የሚያውቀው ነገር ነው የተለወጠው።


ትኬት_ቀዳጁ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡15

በዚሁ ክር ላይ የኔም ጉዳይ ይታይልኝ። ቤቲንግ እጫወታለሁ (ለእናቴ አትንገሩ)። 10 ጨዋታ እመርጣለሁ፤ ሁሉም የታወቁ፣ የሚያሸንፉ ቡድኖች። ዘጠኙ ገብተው አንዱ ያበላሽብኛል። ሁልጊዜ አንዱ! ደግሞ አንድ የኔ ዘዴ አለኝ። አንድ ቡድን አምስቴ ተከታትሎ ከተሸነፈ ስድስተኛው ላይ እሱን እይዛለሁ። ሳንቲምም እኮ አምስቴ ዘውድ ከመጣ ቀጥሎ ጎፈር ነው። ሚዛኑን መጠበቅ አለበት።


ጋሽ_ጠመኔ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡00

ለእናትህ አልናገርም፤ ለአንተ ግን እነግርሃለሁ።

የታወቁ ናቸው ካልክ እያንዳንዱ 80 ፐርሰንት ያሸንፋል እንበል፤ ብዙ ነው ይሄ። አንዱ ውጤት ሌላውን አይነካም ብለን እንቀበል። 0.8 አስር ጊዜ በራሱ ሲባዛ 0.107 አካባቢ ነው። ከአስር ትኬት አንዷ ብቻ ናት ሙሉ የምትገባው። “ሁልጊዜ አንዱ ያበላሽብኛል” ያልከው እርግማን አይደለም፤ ማባዛት ነው።

ሳንቲሙን በተመለከተ፦ የዕቁቡ ሣጥን ያስታውሳል፤ ሳንቲም አያስታውስም። ከሣጥኑ የወጣ ወረቀት አይመለስም፣ ስለዚህ የቀሩት ዕድል ይለወጣል። ሳንቲሙ ግን ምን እንደወጣ የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም። ስድስተኛውም ግማሽ ነው። በሞንቴ ካርሎ ካዚኖ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1913 አንድ ምሽት የሩሌቱ (ቀይና ጥቁር ቤቶች ያሉት የሚሽከረከር የቁማር ጎማ) ኳስ 26 ጊዜ ተከታትሎ ጥቁር ላይ አረፈ። ተጫዋቾቹ እንዳንተ “አሁንማ ቀይ ነው” እያሉ በቀይ ላይ ገንዘብ ሲቆልሉ አመሹ። ካዚኖው ነው ጠግቦ ያደረው።

የተሸነፈው ቡድን ጉዳይ ደግሞ ከሳንቲሙም ይብሳል። አምስቴ የተሸነፈ ቡድን ምናልባት ደካማ ሆኖ ይሆናላ!


ቀመር_አፍቃሪ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 10፡40

ይሄን ሁሉ ማንዛዛት ምን ያደርጋል? ተማሪው ለፈተና ነው የሚፈልገው። አጭሩ ይሄ ነው፦ አብረው የማይከሰቱ ነገሮች ነጻ ናቸው፣ አይነካኩም፤ ስለዚህ ስትፈልግ ትደምራቸዋለህ ስትፈልግ ታባዛቸዋለህ። አለቀ።


ቁጥር_ወዳዷ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 11፡05

ወንድሜ፣ አላለቀም። ይህን ካነበበ ልጁ 42/40 ሳይሻለው አይቀርም። ሁለቱን ቀላቅለሃቸዋል፤ ብዙ ሰው ይቀላቅላቸዋል።

አብረው የማይከሰቱ ማለት አንዱ ከሆነ ሌላው በፍጹም አይሆንም ማለት ነው። ዳይሱ 2 ከሆነ 5 አይደለም። እንግዲህ 2 መውጣቱን ብነግርህ ስለ 5 ምን አወቅህ? ሁሉንም! ዕድሉ ከ1/6 ወደ ዜሮ ወረደ። ይሄ “አይነካኩም” ይባላል? ከዚህ በላይ መነካካት የለም።

ነጻ ናቸው የምንለው አንዱ መሆኑን ሰምተህ የሌላው ዕድል ንቅንቅ ካላለ ነው። ቀዩ ዳይስ 2 መሆኑ ሰማያዊው ዳይስ 5 ስለመሆኑ ምንም አይነግርህም። ያኔ ብቻ 1/6 × 1/6 ትላለህ።


ቀመር_አፍቃሪ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 11፡20

እሺ፣ ተሳስቻለሁ። ግን ፈተና ላይ ብዙ ጊዜ “ነጻ ናቸው” ብሎ ጥያቄው ራሱ ይሰጥሃል። ያን ያህል የሚያስጨንቅ አይመስለኝም።


ቁጥር_ወዳዷ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 12፡10

ፈተና ላይ ይሰጥሃል። ሕይወት ላይ አይሰጥህም። አንድ ታሪክ ልንገርህ፤ እኔ ይህን ትምህርት ከልቤ የያዝኩት ከሰማሁት በኋላ ነው።

እንግሊዝ አገር ሳሊ ክላርክ የምትባል ጠበቃ ነበረች። ሁለት ጨቅላ ወንዶች ልጆቿ ተከታትለው ሞቱ፤ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1996፣ ሌላው በ1998። ገድላቸዋለች ተብላ ተከሰሰች። በችሎቱ አንድ ታዋቂ የሕፃናት ሐኪም ባለሙያ ምስክር ሆነው ቀረቡ። እንደሷ ባለ ቤተሰብ ውስጥ አንድ ሕፃን ባልታወቀ ምክንያት በድንገት የመሞት ዕድሉ ከ8,543 አንድ ነው አሉ። ለሁለት ልጆች 8,543ን በ8,543 አባዙት። ከ73 ሚሊዮን አንድ። ይህ ቁጥር ጋዜጣውን ሁሉ ሞላው። በ1999 የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባት።

ያቺን ማባዛት ተመልከታት። ሁለቱ ሞቶች አይነካኩም ያለው ማን ነው? አንድ እናት፣ አንድ አባት፣ አንድ ቤት፣ አንድ ደም። የመጀመሪያው ልጅ በዘር የመጣ ችግር ኖሮበት ከሆነ የሁለተኛውም ዕድል ይለወጣል። ባለሙያው 1/8,543ን ሁለተኛ ጊዜ ሲጽፉ “የመጀመሪያው ከሞተ በኋላ” የምትለውን ረስተዋታል። የብሪታንያ ንጉሣዊ የስታቲስቲክስ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2001 ወጥቶ ስሌቱ መሠረት የለውም ብሎ በይፋ ተቃወመ።

ደግሞ ሌላ ስህተት አለ። ቁጥሩ ልክ ነው ብንል እንኳ፣ “ንጹሕ ሆና ሁለት ልጅ የመሞት ዕድሉ” እና “ሁለት ልጅ ከሞተባት ንጹሕ የመሆን ዕድሏ” አንድ አይደሉም። እናት ሁለት ልጆቿን መግደሏም እጅግ ብርቅ ነገር ነው። ሁለቱ ብርቅ ነገሮች እርስ በርስ ነው መመዘን የነበረባቸው።

በ2003 ነጻ ወጣች። በዋናነት ያስፈታት ሳይገለጽ የቀረ የሕክምና ማስረጃ ነው። በ2007 አረፈች።


የዕቁብ_ጸሐፊ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡00

ነፍሷን ይማር። በአንዲት ማባዛት።


ጳጉሜን_5 · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡12

ይሄን ማንም አላስተማረንም። እኛ ካርታ ስናወጣና ስንመልስ ነው የኖርነው፤ አብዛኞቻችን ካርታ በእጃችን ነክተን እንኳ አናውቅም ነበር። 52 መሆኑን የሸመደድነው ለፈተና ነው።


ጋሽ_ጠመኔ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡20

እውነትሽን ነው ጳጉሜን። (ወይስ እውነትህን? ስምሽ አይናገርም።) እኔ ካርታውን ትቼ በክፍሉ ተማሪዎች ነው የማስቆጥረው።

ግራ_የገባው፣ ከዓርብ ወዲህ ብዙ አንብበሃል፤ እስቲ አንዷን ሥራልኝ። ካንተው ክፍል 40 ተማሪ። 16ቱ ሴቶች ናቸው። ሁለት ተወካዮች በዕጣ ይመረጣሉ፤ አንድ ሰው ሁለቴ አይመረጥም። ቢያንስ አንዷ ሴት የመሆን ዕድሉ ስንት ነው? ክፍልፋዩን አጣፍተህ አምጣው።


ግራ_የገባው · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡41

ጋሼ፣ የመጀመሪያዋ ሴት የመሆን ዕድል 16/40 ነው። የሁለተኛዋም 16/40። ሲደመር 32/40። ነው?


ጋሽ_ጠመኔ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡44

ሁለቱም ሴቶች የሆኑበትን ዕጣ ስንት ጊዜ ጻፍከው?


ግራ_የገባው · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡45

ውይ። ሁለቴ። ቆይ ልመለስ።


የሰፈር_ልጅ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡46

ቢያንስ ከ1 አልበለጠም። መሻሻል አለ።


ግራ_የገባው · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡15

“ቢያንስ” ስላለ ተቃራኒውን ያዝኩ። አንድም ሴት የለችም ማለት ሁለቱም ወንዶች ናቸው። ወንዶቹ 24 ናቸው። የመጀመሪያው ወንድ፦ 24/40። እሱ አይመለስም፣ ስለዚህ ሁለተኛው፦ 23/39። ሲባዛ 552/1560። ከ1 ስቀንሰው 1008/1560። በመደመሩም ሞከርኩት፦ 32/40 ላይ ሁለቱም ሴቶች የሆኑበትን፣ 16/40 × 15/39ን ቀነስኩ። 1248 ሲቀነስ 240፣ ያው 1008/1560 መጣ!

ከዚያ ላዕይና ታህቱን በ24 አካፈልኩ። ጋሼ፣ ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አየሁት። 42/65 ነው የሚወጣው።


ጋሽ_ጠመኔ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡18

ልክ ነህ።


የሰፈር_ልጅ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡19

ጋሼ አውቀው ነው ያደረጉት!


ግራ_የገባው · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡21

ነገ ይህን ለክፍሉ አላሳይም።